ታኮ

አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፣ ጋሽ ይመር ቧንቧ ከጎረሰ፤
ትንፋሹን በቁጥር፣ ከማሽን ተዋሰ።
ጭኑን ጨበጥ አርጌ በስንዝሬ ለካሁት፤
ሐረጎን ሲወጣ፣ ሐረጎን ሲወርድ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬን የረገጠ
ያንን የብረት እግር
ተመጦ እንደ ተጣለ አገዳ ሆኖ አገኘሁት።

ልጁ ሐያት መጣች፣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ፤
"ተዉት፣ ይረፍበት! በቁሙ ያለቀ ሰው
በምን አቅሙ ይነሣ?"

ምን ብዬ ላስረዳት? አልጋ ሰው ይበላል፤
ጭን ላይ ይጀምራል፣ ወደ ባት ይወርዳል፣
ሲብስም ሽቅብ ወጥቶ
ሳንባን በተውሶ ነፋስ መኖር ያስለምዳል።
"አየሽ፣ የሹፌር ልጅ፣" አልኳት፣ "የቆመ መኪና
ከሚሮጠው ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ባትሪው ይሞትና
ጎማው ባለበት ይሰነጠቃል፤ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።"
ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኑን አንዴ ጨፍኖ ገለጠ፤
እሺ ማለቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ቃል አላገኘም።

ሲስተር አረቡ ቧንቧውን ያዘች፣ ሰው ዓይኑን እንደሚጠብቀው፤
ዶክተር እሸቴ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሙሔ ተላላኪው
ሽቦና ገመዱን፣ የሽንቱን ከረጢት፣
በአንድ ክንዱ ሰብስቦ አቀፈው።

"በሦስት እንነሣለን" አልኩኝ፤ "አንድ፣ ሁለት..."
እግሮቹ ወረዱ ከአልጋው ጫፍ ወደ መሬት፤
ሲሚንቶውን ነክተው እንደ ተኳረፈ ዘመድ
ሽምቅቅ ብለው ቀሩ፣ ማን ይቅደም በማለት።

ያን ጊዜ ጣቱ መዳፌን ጫረ፤
"ቆዩ! ሊጽፍ ነው" አለች አረቡ፤ ሁሉም ነገር ቀረ።
አንድ ፊደል ጻፈ፦ ታ።
"ታመምኩ" ሊል ነው ብዬ ሆዴ ሲንቦጫቦጭ፣
"ታክቶት ነው" አለ ሙሔ በሹክሹክታ።
ሁለተኛው ፊደል እንደ ሐረጎ ጥምዝ ዞሮ ዞሮ፣
ላብ በላብ አርጎኝ መጣ፦ ኮ።
ታኮ?

ጎንበስ ብለን አየን። ያልጋው ጎማ አልተቆለፈም።
ዲግሪና ዲፕሎማ ደርድረን ስንቆም
ይህን ያየ አልነበረም።
ቁልቁለት ላይ መኪና አቁሞ የሚያድር ሰው ብቻ
መቀመጫው ጣት ያህል ሲንሸራተት ያውቃል።
ሙሔ ረግጦ ቆለፈው። የጋሽ ይመር ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤
ማሽኑ ጮኸ፤ አደጋ ነው ብሎ ቀይ መብራት ያበራል፤
ለማሽን ሳቅና ሳል
አንድ ነው፤ የት ይለየዋል?

ከዚያማ ቆመ።
ጉልበቱ እንደ አሮጌ ድልድይ እያቃሰተ ቆመ።
አንድ አለ። ሁለት። አረፍ። ሦስት። አራት፣ እስከ መስኮቱ፤
ማሽኑም እንደ ተሳቢ ከኋላ ተጎተተ፣ ከነሽቦው ከነአንጀቱ።
ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ከጣራዎቹ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ነው፤
ግን ደሴ ላይ ያረጀ ሰው ጦሳን በዓይኑ መች ፈለገው?
ከታች፣ ወደ ሆጤ መታጠፊያ፣ አንድ ከባድ መኪና ጡሩንባ ነፋ፤
የጋሽ ይመር ቀኝ እግር፣ ያ አገዳ የመሰለው፣
ወለሉን ቀስ ብሎ ገፋ።

በማግስቱ አምስት ይሆናል ብለን ሁለት ሆነ።
በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ
አረቡ ባሉኑን ጨመቀች፣ ሐያት ቆጠረች፤
አራት መቶ ስድሳ ደረሰች።

አልጋ ሦስት ላይ የነበረችው የቦሩ ሜዳዋ ልጅ ግን
ለመቀመጥ እንኳን ሳትደርስ ሄደች።
የጫማዋን ቁጥር ጠይቄ ነበር።
ስለ እሷ ስጽፍ ቤቱ አይመታም።

ማታ ወደ ፒያሳ ስወርድ፣ በዚያ በብርዱ፣
ዳገቱ ላይ አይሱዙ ቆሟል፤ ጋቢና ውስጥ ተኝቷል ረዳቱ።
ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አለች፣ የልጅ ራስ የምታህል፤
በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደረግኋት።
እንደ ያዘች ናት።